ላባ ግብር የሆነባት ደሴት

ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ሂርታ የተባለችው የሴንት ኪልዳ ደሴት ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ጥቂት እህልና በጎች ቢኖሯቸውም ዋናው ማሳቸው ገደሉ ነበር። ባሕሩ ለጀልባ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ከዓሣ ይልቅ በገደሉ የሚፈለፈሉትን ጋኔትና ፉልማር የተባሉ ወፎች በገመድ ተንጠልጥለው ያድኑ ነበር። ሥጋው ቀለብ፣ ዘይቱ መብራት ነው፤ ላባውን ግን የባላባቱ ምስለኔ በግብር መልክ ይወስደዋል። ወንዶቹ በየማለዳው ተሰብስበው የዕለቱን ሥራ ይመክራሉ፤ ያደኑትንም ይካፈላሉ።

ከ1877 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየበጋው በእንፋሎት መርከብ የሚመጡ ጎብኚዎች ወፉንም ሰውንም በአንድ ዓይን ያዩ ጀመር። ገደል መውጣት ትርዒት፣ የወፍ እንቁላልም ሸቀጥ ሆነ። መርከቡ ሲመለስ ግን የክረምቱ ብቸኝነት ያው ነበር። ወጣቶች እየተሰደዱ የሥራ ጉልበት ሳሳ፤ የቀሩት 36 ሰዎችም ራሳቸው ለመንግሥት አመልክተው ኦገስት 29 ቀን 1930 ደሴቲቱን ለቀቁ።

ዩኔስኮ ሴንት ኪልዳን በ1986 በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የዛሬው የበጋ ተጓዥ በገደሉ ጎጆ የሠሩትን ወፎች ሲያደንቅ፣ ከባሕሩ ዳር የቆሙትን የድንጋይ ቤቶችም ልብ ይበል፤ የዚያ ገደል ታሪክ ግማሹ የሰው ላብ ነውና።