በዓይን የሚታዘዝ ጨዋታ፦ ስለ አጀማመሩ የተነገሩት ሁለት ትረካዎች

በዓይን እንቅስቃሴ የሚታዘዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች መቼ ተጀመሩ ለሚለው ጥያቄ ሁለት የማይጣጣሙ መልሶች እናገኛለን። በገበያው ዘንድ የገነነው ትረካ መነሻውን 2015 ያደርጋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የዩቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ ሮግ» ከስዊድኑ ቶቢ የዓይን መከታተያ ጋር ተጣምሮ ለኮምፒውተር የቀረበው በዚያ ዓመት ነውና። ትረካው ሐሰት አይደለም። ይሁንና በዚያ ጨዋታ ዓይን በዋናነት የሚያዞረው ዕይታውን ሲሆን፣ መራመዱም ሆነ መዋጋቱ ለእጅ የተተወ ነበር። እጁ ለማይታዘዝለት ተጫዋች መነሻውን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይለናል።

በ1990ዎቹ በቦስተን ኮሌጅ ጄምስ ጊፕስና ባልደረቦቻቸው «ኢግልአይስ» የተሰኘውን ሥርዓት ሠሩ። በዓይን ዙሪያ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች፣ ዓይን ሲንቀሳቀስ የሚከሠተውን የኤሌክትሪክ ለውጥ እየለኩ የማያ ገጹን ጠቋሚ ያንቀሳቅሳሉ። ጨዋታ በዚህ ሥራ ውስጥ ትርፍ ነገር አልነበረም፤ መናገርም መንቀሳቀስም የተሳናቸው ልጆች ጠቋሚውን መግራት የተለማመዱት በእርሱ ነው።

በዓይን መጫወትን ያዘገየው ግን መሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ የዓይን ጠባይ ራሱ አስቸጋሪ ነው። ዓይን ሊያይ እንጂ ሊያዝዝ አልተፈጠረምና፣ ተጫዋቹ ያየው ሁሉ ሳይፈልግ ትእዛዝ ይሆንበታል። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ የነበሩት ሮበርት ጄኮብ በ1990 ይህንን ችግር የነካው ሁሉ ወርቅ በሆነበት በንጉሥ ሚዳስ ሰይመው ተነተኑት። ተጠቃሚው የፈለገውን ነገር ጥቂት ትኩር ብሎ እንዲያይ ማድረግ ለጽሕፈት መፍትሔ ሆኗል፤ ጠላት በሚያሳድድበት ጨዋታ ግን ያች ቅጽበት ሽንፈት ናት። በሌስተር የዴ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲው ሃውል ኢስታንስና ተባባሪዎቻቸው በ2008 ያቀረቡት «ስናፕ ክለች» ሌላ መንገድ ከፈተ፦ ተጫዋቹ ከማያ ገጹ ጠርዝ ውጭ ፈጥኖ በማየት የዓይኑን ተግባር ከመራመድ ወደ መምረጥ ይቀይራል። ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት በ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ላይ ያካሄደውን ሙከራ ይፋ አደረገ፤ ይህም ከገበያው መነሻ ስድስት ዓመት ይቀድማል።

ሆኖም የገበያውን ድርሻ መካድ አድልዎ ይሆንብናል። ቀድሞ በሺዎች ዶላር ይሸጥ የነበረው መሣሪያ ለጨዋታ አፍቃሪዎች ሲባል ከ200 ዶላር በታች ወረደ። የብሪታንያው በጎ አድራጎት ድርጅት ስፔሻልኢፌክት በ2017 «ማይንክራፍት»ን በዓይን ብቻ ለመጫወት የሚያስችለውን «አይማይን» በነፃ ሲያቀርብ፣ ሶፍትዌሩ በእነዚህ ርካሽ መሣሪያዎች ይሠራ ነበር። ስለዚህ 2015ን የዋጋው መርከስ ምዕራፍ አድርገን እንቀበላለን፤ የቀዳሚነቱን ስፍራ ግን ለቦስተንና ለሌስተር ተመራማሪዎች እንሰጣለን።