የድፎ ዳቦ እርሾ ታሪክ

ዘንድሮ ለአንድ ሙት ዓመት ድፎ ሊደፋ እርሾ ፍለጋ ወጥተን 9 ቤት ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ከሊጡ ተቆንጥሮ የሚቀመጠው የሚቀጥለውን ያነሣል፤ ያለቀባት ከጎረቤቷ ትበደራለች። ሊጡ ኩፍ ሲል በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋደማል፤ እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች! ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1857 ባወጣው ጥናት መፍላት የሕያዋን ረቂቅ ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አሳየ። እናቶቻችን ስሙን ሳይሰሙ ሲያሳድጓቸው ኖረዋል።

«ፉርኖ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ የዳቦ ምድጃ ማለት ነው። የሱቁ ደረቅ እርሾም በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ሲባል የተሠራ ነው። በሙቀት ቶሎ ስለማይበላሽ በየሱቁ ገባ፤ መበዳደሩም በዚያው ቀረ።

ዳቦ ቤቱን አንወቅስም። ሌሊቱን ጭስ ሲጠጡ የሚያድሩት እናቶቻችን እንጂ እኛ ወንዶቹ አልነበርንም። ግን እርሾ የሚበደር ሰው የጎረቤቱን በር ያንኳኳል፤ የታመመም ካለ ያኔ ይሰማል።

እርሾውን በ10ኛው ቤት ከአንዲት እናት አገኘን። ከሊጡም ቆንጥረን ለ4 ቤት አከፋፈልን።