ፋሲካን ዞሮ የሚያመጣው ቁጥር

በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በ1486፣ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ማብቂያም ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2550ም እዚያው ቀን ላይ ይውላል። ልዩነቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም 532 ዓመት ነው። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነው የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ደሴ ሒሳብ ሳስተምር ስለ አካፋይና ብዜት የምሰጠው ምሳሌ ይኸው ቁጥር ነበር። መማሪያ መጽሐፉ 12ንና 18ን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ልጆቹ ቤት ገብተው አያቶቻቸውን የሚጠይቁበትን መረጥሁ። 532 ሲበተን 4 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ነው። 4ቱ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባሉ የሚፈራረቁት ዘመናት ናቸው፤ 7ቱ የሳምንቱ ዕለታት፤ 19ኙ ጨረቃ በፀሐይ ዓመት ውስጥ ወደ ነበረችበት ቀን የምትመለስባቸው ዓመታት። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ 532 ሳይመላ አንድ ላይ አይገጥሙም። ሊቃውንቱ ለመንገዱ ማረፊያዎችም ስም አላቸው፦ 19ኙ ንዑስ ቀመር፣ 28ቱ ዐውደ ፀሐይ፣ 76ቱ ማዕከላዊ ቀመር።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ስሌት የምትሰጠው ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ነው። በእኛ አገር ስለ ጥንቱ ትምህርት ሲነሣ ከደሴ በስተሰሜን ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ይቀድማል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ያስተማሩበት ገዳም ነው። በዚያ ዘመን ዓመተ ምሕረት ራሱ በ532 ይታጠፍ ነበር፤ ሲመላ እንደገና ከ1 ይጀመራል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የንጉሡን ዘመቻ በ516 ዓመተ ምሕረት ያደርገዋል፤ እ.ኤ.አ. 1332 ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ ንጉሡን ስምንት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል።

ስሌቱን ያሳዩኝ ጎረቤቴ የነበሩ መሪጌታ ናቸው፤ እርሳስ አላስነሡኝም፣ በጣት አንጓ ነው። 2018ን እንያዝ። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ አንድ ቦታ ስተሃል፤ መፈተኛው እሱ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ ማለትም ተጨማሪ ቁጥር 7፣ ድምሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ 30ው ሲገደፍ ሚያዝያ 4።

ቁጥሩ ሲገጥም ጨረቃዋ ጥቂት ታፈነግጣለች። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥራቸው 19 ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማሉ፤ ይህም ከ300 ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ተጠራቅሞ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ዛሬ ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ በስሌት ከምትጠበቀው በቀናት ትቀድማለች። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ለምን አይታረምም?» ይላሉ።

መልሱን ያገኘሁት ኮምቦልቻ በግ ከሚነግድ ሙስሊም ወዳጄ ነው። ለዒድ አልፈጥር ጨረቃ እስክትታይ ድረስ ይጠብቃል፤ ፋሲካን ግን ገና በመስከረም ጠይቆ ይይዛል። ለእሱ ሰማዩ በጥቂት ቀን መቅደሙ ምንም አያጎድልበትም። ባቲ ወርዶ በግ የሚገዛበትን ቀን እሱ በአንድ ቁጥር፣ ደሴ ያለው ደንበኛው በሌላ ቁጥር ቢይዙት ግን በጎቹ በረት ቀርተው ኪሳራው የሱ ነው።