የአቃቂ ድልድዮችና ስማቸው ያልተጻፈ ሠሪዎቻቸው

አቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው ድልድይ ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ውሃ ሰብስበው በእኛ ክፍለ ከተማ አልፈው ነው አባ ሳሙኤል የሚገቡት፤ ከዚያ ጉዟቸው ወደ አዋሽ ነው። ከዋና ከተማዋ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው መንገድም ሐዲዱም በዚሁ በኩል ስለሚያልፍ ውሃውን መሻገር ግድ ይሆንበታል። የፈረንሳይ ኩባንያ ሐዲድ የዘረጋው እዚህ ነው። ቻይናዎቹ ቀለበት መንገዱን፣ የቀላል ባቡሩን መስመርና የፍጥነት መንገዱን የሠሩትም እዚህ ነው። የሀገሪቱን የድልድይ ሥራ ታሪክ በአንድ ሰፈር ማየት የሚፈልግ ሰው ከቃሊቲ ቶታል ተነሥቶ እስከ ቱሉ ዲምቱ ይጓዝ።

እኔ ከብረት ድልድይ ገጣጣሚነት ተነሥቼ በፎርማንነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚቆረቁረኝ ነው። ድልድዩን ያሠራውን ንጉሥ እናውቃለን፤ ኮንትራቱን የወሰደውን ኩባንያ እናውቃለን፤ የመረቀውን ባለሥልጣን የምርቃቱ ድንጋይ ይነግረናል። ድንጋዩን የጠረበው፣ አርማታውን የሞላው፣ ብረቱን በትከሻው ተሸክሞ ገደል አፋፍ ላይ የቆመው ማን እንደነበር ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የዓለታ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618 ዓ.ም. ገደማ ነው። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በጻፉት መሠረት ሥራውን የመራው ከካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነበር፤ ለሥራው የሚሆን የኖራ ድንጋይም በሀገሩ ተገኘ። ቅስት ድልድይ እንዴት እንደሚቆም ለማያውቅ ሰው ልንገረው። መጀመሪያ አናጺው በቅስቱ ልክ የእንጨት ቅርጽ ይሠራል። ግንበኛው ከሁለቱም ወገን ድንጋዩን በኖራ እያያዘ ወደ መሐል ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ አናቱ ላይ ቁልፉን ድንጋይ ያስገባል። እንጨቱ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። እንጨቱ እስኪወርድ ድረስ ግንቡ ይቁም አይቁም የሚያውቅ የለም። ባለሙያው አንድ ሰው ነበር፤ ኖራውን ያቃጠሉት፣ ድንጋዩን የፈለጡትና ያጋዙት ግን የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ስማቸውን የጻፈልን የለም።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ጎጃምና ቤጌምድርን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ነው የተሠራው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች አንዱን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሰው ክፍተቱን የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። አንዱ ወዲህ ማዶ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ገመዱን ይይዛል፤ መንገደኛው ወገቡን ታስሮ በጎርፉ አናት ላይ ይንጠለጠላል። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአንድ መጽሔት ላይ ያየ አሜሪካዊ በ1993 ዓ.ም. ገደማ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውን የእግረኛ ድልድይ ሠሪ ድርጅት መሠረተ፤ ክፍተቱም ተጠገነ። ጥገናው ብዙ ዓመት ሳይቆይ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። የእኛ ሰው በገመድ የተሳበበት ድልድይ በብዙ አገሮች ለሚሠሩ የእግረኛ ድልድዮች ምክንያት ሆነ። ይህን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቢማሩት እወዳለሁ።

በእኛ አካባቢ ታሪኩ የሚጀምረው በአልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ ዙሪክ የተማረ የስዊስ መሐንዲስ ነበር፤ ሸዋ የገባው በ1871 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። በኋላ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የቧንቧ ውሃ ያስገባ፣ ቢትወደድ የሚል ማዕረግ ያገኘም እሱ ነው። የባቡሩ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. የተሰጠው ለእሱ ሲሆን አጋሩ ሙሴ ሸፍኔ ነበር። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1901 ዓ.ም. አካባቢ አዲሱ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ። ሥራው እንደገና ቀጥሎ በፈረንጆቹ 1915 አቃቂ ደረሰ። ከዋና ከተማዋ 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት እንኳ አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የዓለም ጦርነት ነበር።

ያኔ የብረት ድልድይ በብየዳ ሳይሆን በሪቬት ነበር የሚያያዘው። አንዱ ሪቬቱን ምድጃ ላይ እስኪቀላ ያግላል፤ በጉጠት ያቀብላል፤ ሌላው ከቀዳዳው ያስገባና ከኋላ ደግፎ ይይዛል፤ ሁለት መዶሻ የያዙ ከፊት ይቀጠቅጡታል። ሲበርድ ይኮማተርና ሁለቱን ብረት አጥብቆ ያያይዛል። ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ከዓመታት በኋላ እንኳ ሪቬቱን በመዶሻ መታ አድርጎ ከድምፁ ብቻ መላላቱን ያውቃል። ይህን ያሳዩኝ የባቡር ድርጅት ጡረተኛ የነበሩ የአቃቂ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ልጅ እግር ነበርኩ፤ እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ብረቱ አስጠግተው «ይኸኛው ታሟል» ሲሉኝ መዶሻው ብረቱን ሲነካ ከመስማት በቀር ምንም አልገባኝም። ደግመው መቱልኝ፤ ቀጥሎ ያለውን መቱልኝ፤ ያኔ ልዩነቱን ሰማሁት።

በዚያ መስመር የደረሰውን ሐዘን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር አዋሽ አቅራቢያ ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። የሞቱት ከ400 በላይ ናቸው፤ በአፍሪካ ከደረሱ የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋ ነው ተብሏል። ባቡሩ ኩርባው ላይ ከልክ በላይ ይፈጥን ነበር። ድልድዩ ላይ መዘናጋት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የኛ ሙያ ሰው ከዚያ ቀን በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት እንደ ፑሪቼሊ ያሉ ኩባንያዎቹን አምጥቶ ብዙ መንገድና ብዙ የድንጋይ ድልድይ ሠራ፤ ለጦሩ ማመላለሻ ነበር። ሲሸሽ ደግሞ የአዋሽን ጨምሮ ብዙ ድልድዮችን በፈንጂ አፈራርሶ ሄደ። ከነጻነት በኋላ መንገዱን የሚጠግን ጠፍቶ ጉዞው ሁሉ ተስተጓጎለ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ አለቆች አሜሪካኖች ነበሩ። የምህንድስና ኮሌጁ አምስት ኪሎ ላይ በ1945 ዓ.ም. ተከፍቶ የራሳችን መሐንዲሶች መውጣት ሲጀምሩ የድልድይ ስሌት ቀስ በቀስ በሀገር ልጅ እጅ ገባ።

እኔ የደረስኩበት ዘመን የቤይሊ ዘመን ነው። ቤይሊ ዶናልድ ቤይሊ የሚባል እንግሊዛዊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራዊቱ የነደፈው ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ ነው። ዋናው አካሉ ፓነል ይባላል፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 260 ኪሎ ገደማ ነው። ስድስት ሰው ይሸከመዋል። ክሬን የለም፤ ያለው ትከሻ ነው። ፓነሉ ከፓነል ጋር በፒን ይያያዛል፤ ፒኑ በመዶሻ ይገባና በትንሽ ሽቦ ይቆለፋል። ያቺን ሽቦ የረሳ ሠራተኛ በእኔ ቡድን ውስጥ ምሳ አይበላም ነበር፤ መኪና በነቀነቀው ቁጥር ፒኑ ቀስ እያለ ይወጣልና።

ድልድዩ የሚገጠመው ወንዙ ላይ ሳይሆን ዳሩ ላይ፣ በሮለር ላይ ነው። ከፊቱ ወለል የሌለው ቀላል አፍንጫ ይቀጠልለታል፤ ከኋላው ክብደት ይጫንበታል። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እየተቀባበልን እንገፋለን። አፍንጫው ባዶ አየር ላይ ይወጣል፤ ከኋላ ያለው ክብደት እንደ ሚዛን ይይዘዋል። የአፍንጫው ጫፍ ማዶ ያለውን ሮለር እስኪነካ ድረስ ማንም አያወራም። ጫፉ ሲወርድ ማዶውን እንዳይስት አፍንጫው ሲገጠም ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ነው፤ የቀናውን ልክ የሚያወጣው መሐንዲሱ ነው፤ ልኩን በብረቱ ላይ የሚያሰፍረው ካቦው ነው። በአንድ ክረምት ጎርፍ ድልድዩን የወሰደበት አንድ ወረዳ ሄደን፣ ማዶ የቀሩ ሕሙማን ሐኪም ቤት እስኪደርሱ አራት ቀን ሳንተኛ ሠራን። አምስተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው የጭነት መኪና አለፈ። የወረዳው ሴቶች እንጀራና ጠላ ይዘው መጡ። በሪፖርቱ ላይ የድልድዩ ርዝመትና ወጪው ተጻፈ፤ የማናችንም ስም የለበትም።

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የመጣውን አንባቢ ያውቀዋል። ቻይና ሮድ ኤንድ ብሪጅ ኮርፖሬሽን ቀለበት መንገዱን ሊሠራ ገባ። ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚወስደውን የቀላል ባቡር መስመር ጨምሮ ሁለቱን መስመሮች የሠራው የቻይና የባቡር ምህንድስና ኩባንያ ነው፤ የቃሊቲው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፍጥነት መንገድ በቻይና ኮሚዩኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ተሠርቶ በ2007 መጀመሪያ ተከፈተ፤ በግንቦት 2016 የተመረቀውን የባሕር ዳሩን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይም የሠራው ይኸው ኩባንያ ነው። በዓባይ በረሃ የሚታየውን 303 ሜትሩን የህዳሴ ድልድይ ደግሞ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ካጂማ ገንብቶት በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል። ሥራቸው ግሩም ነው፤ እኔ በትከሻ የተሸከምኩትን ዛሬ ክሬን በደቂቃ ያነሳዋል፤ ይህን በማየቴ ደስ ይለኛል።

ግን በእነዚህ ሁሉ ላይ ፌሮ ያሰረው፣ ካሳ ፎርማ የመታው፣ ሌሊት አርማታ ሲሞላ ያደረው የእኛ ልጅ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሲቪል ምህንድስና ተመርቃ አንዱ ሳይት ላይ ተቀጠረች። አንድ ቀን መጥታ «ጋሼ፣ እኔ ያረጋገጥኩት ምሰሶ ላይ የኔ ስም ባይኖር ምን አለበት?» አለችኝ። «ልጄ፣» አልኳት፣ «ስም የሚጻፈው ለክብር ብቻ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምሰሶው ሲሰነጠቅ መሠረቱ ምን ያህል እንደጠለቀ፣ ሲቆፈር ምን ዓይነት አፈር እንደወጣ የሚያስታውስ ሰው ይፈለጋል።» በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ስንጥቅ ያለበት ድልድይ ሥር ቆመን ንድፉም ጠፍቶ፣ የሠራውም ሰው ሳይታወቅ ቀርቶ፣ መሠረቱን በግምት ስንቆፍር ውለናል።

ድልድይን የሚገድለው የሚያልፍበት መኪና ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃም ነው። ጎርፍ የምሰሶውን እግር ይሰረስራል፣ ግንድና ቆሻሻ አፉን ይዘጋል። የወለሉ የውሃ መውጫ ቀዳዳ በአፈርና በላስቲክ ሲደፈን ዝናቡ ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። ቃሊቲ ጉምሩክ የሚወርደው ከባድ ጭነት ሁሉ የሚያልፍባቸው ድልድዮች ይህን ሁሉ ይችላሉ፤ የሚጠርጋቸው ሰው ካለ። የእጅ መደገፊያውን ብረት ሌሊት ነቅሎ ለቁራሌው የሚሸጥም አለ። ከዚህ የባሰ ሌብነት አላውቅም፤ ያ ብረት የሌላ ሰው ልጅ ገደል እንዳይገባ የቆመ ነው።

ስለዚህ ልለምናችሁ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ በባቡሩ፣ በአውራ ጎዳና፣ ወይም በቀለበት መንገዱ ሥራ የነበሩ ካሉ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የትኛው ወንዝ ላይ፣ በየት ዓመት፣ ከማን ጋር እንደሠሩ ጻፉ። የቆየ የሥራ መታወቂያ፣ የሳይት ፎቶግራፍ፣ ንድፍ ካላችሁ አትጣሉ፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። አዲስ ድልድይ የምታስመርቁ ተቋራጮችም በምርቃቱ ድንጋይ ላይ ከባለሥልጣኑ ስም ሥር የሳይት መሐንዲሱን፣ የካቦውን፣ የአናጺውን፣ የፌሮ ሠራተኛውንና የግንበኛውን ስም ጨምሩ። አንድ ሰፋ ያለ ድንጋይ ይበቃል።