አየር ሦስቴ መጣ

የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ ሰው ናቸው። እስከ 72 ዓመታቸው ድረስ ከደብረ ብርሃን ርቀው የሄዱት ለቅኔ ትምህርት ብቻ ነበር፤ እሱም በእግራቸው፣ አኮፋዳ አንግተው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጃቸው ከዋሽንግተን ጠራቻቸውና ከባለቤታቸው ከእማማ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ቦሌ ወረዱ። ሸኚው እኔ ነበርኩ። የኔታ ጋቢያቸውን ደርበው በእጃቸው የያዙት አንዲት ትንሽ ደብተር ነው። ሻንጣው ከነበርበሬው፣ ከነድርቆሹ፣ ከነዳቦ ቆሎው የእማማ ጭንቀት ነበር። ሦስት ወር ቆይተው ሲመለሱ ደብተሯን ሰጡኝ። በዚያ በሚያምር ቁም ጽሕፈታቸው፣ በጥቁርና በቀይ እስክሪብቶ፣ በጉዟቸው የሰሟቸውን ቃላት ሞልተውባታል።

«ያስተማርኩህ ለዚህ ነው፤ ሥራቸውን ፈልግልኝ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በቀይ የተጻፈው «አየር» ነው። አጠገቡ «የእኛ» ይላል። የኔታ የሚያውቁት ከግእዝ መጻሕፍት ስለሆነ የእኛ ቢሉት አልፈርድባቸውም። ቃሉ ግን ወደ ግእዝ የገባው ከጽርእ ነው፤ ግሪኮች «አኤር» ይሉታል። በአክሱም ዘመን መጻሕፍት ከጽርእ ወደ ግእዝ ሲመለሱ ከተርጓሚዎቹ ጋር ብዙ ቃላት ተሻግረው ቀርተዋል፤ ዲያቆን፣ ጳጳስ፣ መነኩሴ የምንላቸው ሁሉ ከዚያው ናቸው። ከሺህ ዓመት በላይ እዚህ ኖሮ የልጅ ልጅ ያየን ቃል «መጤ ነህ» ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ቀጥሎ በጥቁር «አውሮፕላን» ተጽፏል። ማስታወሻውም «የፈረንጅ» ይላል። እዚህ ላይ ነው የኔታን ያስደነገጥኳቸው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ የወረደው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ነበር፤ ያበረረውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነው። በዚያን ጊዜ የቤተ መንግሥቱና የዘመናዊው ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ፈረንሳዮች «ኤሮፕላን» ይላሉ፤ ጣሊያኖች «አኤሮፕላኖ»። በድሮ የአማርኛ ጽሑፎች «ኤሮፕላን»ም «አይሮፕላን»ም ይገኛል፤ ኋላ ላይ «አውሮፕላን» አሸነፈ። እኔ የማስበው ክብ አፍ «ሮ» ፊቷ ያለችውን «ይ» ጎትታ «ው» እንዳደረገቻት ነው። «አውሎ ነፋስ»ን የለመደ ጆሮም ሳያግዛት አልቀረም። የሆነው ሆኖ ያ «አውሮ» የተባለው ራስ ከዚያው ከግሪኩ «አኤር» የወጣ ነው። በቀይ የተጻፈውና በጥቁር የተጻፈው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንደኛው በመነኮሳት ብራና መጣ፤ ሁለተኛው በቤንዚን ሞተር።

ሦስተኛው ከገጹ ግርጌ ነው፤ «ኤርፖርት»። ይሄ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። «ኤር» ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛው ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪኩ። እንግዲህ አንዱ ቃል በሦስት በር ሦስት ጊዜ ቤታችን ገብቷል ማለት ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ስሙን ቀይሮ ስለመጣ አላወቅነውም። «የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከኤርፖርት ተነሣ» የሚል ሰው ሳያውቀው አየር፣ አየር፣ አየር ብሏል።

እዚህ ላይ የኔታ ያመጡትን ተንኮል ልንገራችሁ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ረጅም ርቀት የሚሄድ ትልቅ አውሮፕላን ሰውም ዕቃም ነዳጅም ጢም ብሎ ሞልቶ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መሐል ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን የዋሽንግተኑ ማረፊያ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል። እነየኔታ የወረዱት ደብሊን ነበር። የኔታ የአገሩን ስም ሲሰሙ ወዲያው በቀይ ጻፉ፦ «አየርላንድ፤ የአየር አገር፤ በራሪዎች ነዳጅ የሚቀዱባት።» እንዲህ ያለ የሚያምር ፍቺ ማፍረስ ያሳዝናል። የአየርላንድ «አየር» ግን ከአየር ጋር ዝምድና የለውም። የአገሩ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ አገራቸውን «ኤረ» ይሏታል፤ እንግሊዞች አገር የሚለውን «ላንድ» ጨመሩበት፤ እኛ ደግሞ የእንግሊዞቹን አጠራር በፊደላችን ስንጽፍ ሳናስበው አየር አስገባንበት። መልክ መመሳሰል ሥጋ ዝምድና አይደለም፤ በቃል ጥናት ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ይህች ናት። የኔታ ግን እስካሁን አልተቀበሉኝም፤ «ቅኔው ያምራል፣ ተወው» ብለውኛል።

ቪዛና ፓስፖርት አጭር ነገር ናቸው። ቪዛ በላቲን «የታየች» ማለት ነው፤ ታይታ ያለፈች ወረቀት። ፓስፖርት የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል በራፍ ወይም ወደብ ማለፊያ ነው። እማማ ግን አንድም ቀን ፓስፖርት ብለው አያውቁም፤ «ይለፌ የት ገባ?» ነበር የሚሉት። የይለፍ ወረቀት የሚባለውን የቀድሞ አነጋገር እሳቸው አልጣሉትም፤ ከፈረንሳይኛው ያነሰ ትርጉምም የለውም። ሻንጣ የቱርኮች «ቻንታ» ነው፤ ዐረቦች «ሸንጣ» ብለው አሳለፉልን።

በሁለተኛው ገጽ ላይ የኔታ አንድ ክብ ሠርተዋል። በመሐሉ «ነገደ» ተጽፏል፤ ዙሪያውን «መንገድ፣ መንገደኛ፣ ነጋዴ፣ ንግድ፣ እንግዳ» ተደርድረዋል። ይህን ገጽ ሳየው ተማሪነቴ ትዝ አለኝ፤ አንዲትም ስሕተት የለበትም። ነገደ በግእዝ ተጓዘ፣ አገር አቋርጦ ሄደ ነው፤ ለንግድም ይሁን ለመሳለም። ነጋዲ የሚባለው መንገደኛውም፣ ነጋዴውም፣ ተሳላሚውም ነው። ንግደት ደግሞ ጉዞው። በዚያ ዘመን የሚጓዝ ሰው ሁሉ ወይ የሚሸጠው አለው፣ ወይ የሚሳለመው። ለመዝናናት አገር የሚዞር የት አለ? አማርኛ ርስቱን አካፈለው፤ የሚሸጠውን ነጋዴ አለው፣ የሚረግጠውን መንገድ፣ ማታ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» የሚለውን እንግዳ። የግእዙ መንገድ «ፍኖት» ግን ከዕለት ንግግራችን ወጥቶ እንደ ፍኖተ ሰላም ባሉ የቦታ ስሞች ውስጥ ተቀመጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ፣ አክሱማውያን ሲራራ ነጋዴዎች ቢሰሙት የማያፍሩበት ቃል ነበር ስሙ ላይ።

በክቡ ላይ የምጨምረው አንድ ቃል ብቻ አገኘሁ፤ እሷም አጠገባቸው ቆማ ሻይ ስትቀዳ ነበር። አስተናጋጅ! ወሰደ ወሳጅን፣ ወለደ ወላጅን እንደሰጠን፣ አስተናገደ አስተናጋጅን ሰጠን፤ «ደ» ወደ «ጅ» ትዞራለች። እንግዳን እንግዳ አድርጎ የሚይዝ ማለት ነው። እማማ ግን እንግዳ ሆነው መቀመጥ አቃታቸው። ያቺ ልጅ ጎንበስ ብላ ምግብ ስታቀርብ «ኧረ እኔ ልነሣ፣ አንቺ ቁጭ በይ» ብለው ሊነሡ ሲሉ ቀበቶው ያዛቸው። ምን ያድርጉ? ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው እፍኝ ሙሉ ዘገኑላት። የኔታ ደብተራቸው ላይ «ሆስተስ» ብለው ትርጉሙን ክፍት ትተውታል። ሆስተስ ሥሩ የላቲኑ «ሆስፔስ» ነው፤ ሆቴልም ሆስፒታልም ከዚያው ወጥተዋል። ሆስፔስ ደግሞ ተቀባዩም ተቀባይነት ያገኘውም፣ ባለቤቱም እንግዳውም ነው። ከባሕር በላይ፣ በጨለማ፣ ያቺ ልጅና እማማ ዳቦ ቆሎ ሲቀባበሉ የላቲኑ ቃል እነሱን እያየ የተሠራ ይመስላል።

የተቀመጡባቸውን ነገሮችም የኔታ አልዘለሉም። «ወንበር» ላይ «መንበር» ብለው ጽፈዋል፤ ልክ ናቸው። የግእዙ «መስፌ» በአማርኛ «ወስፌ» እንደሆነ ሁሉ፣ መንበርም ወንበር ሆኗል። ነበረ በግእዝ ተቀመጠ ነው። ስለዚህ የኔታ ለብዙ ሰዓት የተጨናነቁበት፣ ጉልበታቸውን ያሳመማቸው ወንበር፣ ጳጳሳት የሚቀመጡበት መንበር ወንድም ነው። ከፊታቸው የሚዘረጋው «ጠረጴዛ» ደግሞ እንደገና ከግሪክ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሥሩ ባለ አራት እግር ማለት ነው። ያኛው ግን አንድም እግር የለውም።

ስለ አብራሪው ብዙ አልጻፉም። አማርኛ ለማሽኑ የባዕድ ስም ሲወስድ ለሰውየው ግን ከገዛ ሥሩ፣ ከበረረ፣ አብራሪ አለው። ይህ ለእኔ ያኮራል፤ ትግርኛ ግን በልጦናል፣ ማሽኑንም ነፋሪት ብሎ ከራሱ ቃል ቀርጾለታል። ዐረቦችም እንዲሁ፣ «ጣረ» ከሚለው በረረ «ጣኢራ» አሉ። የኔታ በግእዙ «ሰረረ» «ሰራሪት» ይባልልኝ ብለው ሐሳብ አቅርበዋል። በጎኑ ደግሞ ትንሽ ማስጠንቀቂያ አለ፦ «አብራሪ፤ አባራሪ እንዳትለው።» ሁለቱም የበረረ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ያበርራል፣ ሌላው ያባርራል። መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

የቀረው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ እሱን መፍታት አይጠበቅብኝም፣ ምክንያቱም እኔው ነኝ ያጻፍኩት።

በተሳፈሩበት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አውሮፕላኑን በስልኬ ካርታ ላይ ስከተል አደርኩ። ትንሿ ምስል በማግስቱ ዋሽንግተን ደርሳ ስትቆም እፎይ አልኩና፣ ደብረ ብርሃን ለሚጠብቀው ታላቅ ልጃቸው አጭር መልእክት ላክሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ይባል የለ? አውሮፕላን ያርፋል፤ ያረፈው ውስጥ ያሉትም ያርፋሉ። ጻፍኩ፦ «የኔታና እማማ በሰላም አረፉ።»

አዕረፈ በግእዝ ከድካም ዐረፈ ነው። ቅዱሳንም ድካማቸውን ፈጽመው ሲሄዱ ስንክሳር አዕረፈ ይላል። አማርኛ ሁለቱንም ወረሰ፤ ለሚከበር ሽማግሌ «አረፉ» ስንል ግን የምንሰማው አንዱን ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ስለ ቃላት እየጻፍኩ እንጀራ የምበላ ሰው፣ ላክሁት። በደቂቃ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ከኋላ የሴት ዋይታ ይሰማኛል፤ ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መግባት ጀምሯል።

«ሁለቱም?» አለኝ ልጁ፤ «በአንድ ቀን?»

የኔታ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ ተብያለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ልክ እንደ ስንክሳር፣ ዕለቱን በቀይ ጽፈዋል፤ ከዚያ የራሳቸውንና የእማማን ስም አከታትለው፣ «ዐረፉ»። ከሥሩ በጥቁር፣ በትንሽ ፊደል፦ «ዋሽንግተን ላይ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት።»