የደጅ መብራት ታሪክና አመራረጡ
(በሬድዮ ከተሰጠው ንግግር)



በቤት ውስጥ የሚበራው መብራትና በደጅ የሚበራው መብራት ሥራቸው አንድ ቢመስልም ጠባያቸው የተለያየ ነው። የቤት ውስጡን መብራት ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ይገለገልበታል፤ ቢጠፋ ያበራዋል፤ ቢበላሽ ወዲያው ያውቅበታል። የደጁ መብራት ግን ዝናብ እየመታው፥ ነፋስ እየገፋው፥ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ብቻውን ያድራል። ስለዚህ ከደጅ መብራት በመጀመሪያ የሚፈለገው ውበት ወይም የብርሃን ብዛት ሳይሆን፥ ጌታው በሌለበት ሰዓት ሥራውን በታማኝነት መፈጸሙ ነው።

በዛሬው ጊዜ በስልክ የሚታዘዙ፥ ሰው ሲያልፍ በራሳቸው የሚበሩ፥ ቀለማቸውንም የሚለዋውጡ የደጅ መብራቶች በየሱቁ ይሸጣሉ። ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ቤት የሠራ ሰው ለበሩና ለግቢው መብራት ሊገዛ ሲሄድ የትኛውን እንደሚመርጥ ይቸግረዋል። ይህን ችግር ከሻጩ ቃል ይልቅ ታሪክ ሊያቃልለው ይችላል፤ ያለ ጠባቂ በደጅ የሚያድር መብራት ማስገኘት ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የደከሙበት ጉዳይ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመካከለኛው ዘመን በአውሮጳ ደጅን ማብራት የየቤቱ ባለቤት ግዴታ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ጆን ስቶው እንደሚተርከው፥ በ1417 ዓ.ም. ገደማ የለንደን ከንቲባ የነበረው ሄንሪ ባርተን በብርድ ወራት ማታ ማታ በየደጁ ፋኖስ እንዲሰቀል አዝዞ ነበር። ትእዛዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሻማው በነፋስ ሲጠፋ ተነሥቶ የሚያበራው ማን ነው? የቤቱ ጌታ ብርዱን ፈርቶ ከተኛ ትእዛዙም አብሮት ይተኛል። በ1667 ዓ.ም. በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን የፓሪስ የፖሊስ ሹም የነበረው ኒኮላ ደ ላ ሬኒ በየመንገዱ ላይ ሻማ የሚበራባቸው ፋኖሶች በገመድ እንዲሰቀሉ አደረገ። በዚህ ጊዜ የደጅ ብርሃን የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ሆነ፤ ሻማው ግን ያው ሻማ ነበር።

የፋኖሱን የራሱን ድካም ከሥሩ የመረመረው የአምስተርዳሙ ሠዓሊ ያን ፋን ደር ሄይደን ነው። በዘይት የሚነድ መብራት አየር ካላገኘ ይታፈናል፤ መተንፈሻው ሲሰፋ ደግሞ ነፋስ ገብቶ ያጠፋዋል፤ ጢሱ መውጫ ካጣም መስተዋቱን ያጠቁረዋል። ፋን ደር ሄይደን አየር የሚገባበት፥ ነፋስና ዝናብ ግን የማይገባበት፥ ጢሱም በላይ በኩል የሚወጣበት ፋኖስ ሠራ። ከዚህም በላይ መብራቶቹ በየወቅቱ በስንት ሰዓት መብራትና መጥፋት እንዳለባቸው የሚያመለክት ሠንጠረዥ አዘጋጀ። የከተማው አስተዳደር በ1669 ዓ.ም. እቅዱን ተቀበለ፤ ያ ሥርዓትም እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት ኖረ። እንግዲህ ለደጅ መብራት ሁለት ነገር እንደሚያስፈልገው በዚያን ጊዜ ታወቀ፤ አንዱ ውሃና ነፋስ የማያሸንፈው ቤት፥ ሁለተኛው ጊዜውን የሚያውቅ አዛዥ።

ከዚያ በኋላ የነዳጁ ዐይነት በፍጥነት ተለዋወጠ። ዊልያም መርዶክ በ1792 ዓ.ም. በኮርንዎል በሚገኘው ቤቱ ከድንጋይ ከሰል በወጣ ጋዝ መብራት አበራ። በ1807 ዓ.ም. በለንደን ፖል ሞል የሚባለው ጎዳና በጋዝ በራ። በ1878 ዓ.ም. ደግሞ የሩሲያው መሐንዲስ ፓቬል ያብሎችኮፍ የሠራቸው የኤሌክትሪክ መብራቶች በፓሪስ የኦፔራ ጎዳና ላይ አበሩ። ብርሃኑ እየደመቀ ሄደ፤ አዛዡ ግን ገና የሰው እጅ ነበር። የጋዙን መብራት ማታ ማታ መሰላልና ዘንግ ይዞ የሚዞር መብራት አብሪ ይለኩሰው ነበር፤ የኤሌክትሪኩንም ማብሪያውን የሚጫን ሰው ያስፈልገው ነበር።

ያለ ሰው እጅ የሚበራና የሚጠፋ መብራት በተሟላ ሁኔታ የተገኘው ከከተማ ሳይሆን ከባሕር ነው። የስዊድን የባሕር ጠረፍ ደሴትና ዐለት የበዛበት በመሆኑ፥ መርከቦች እንዳይላተሙ በየቦታው የባሕር ፋና ማቆም ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ዐለት ላይ ጠባቂ ማኖር፥ ለእርሱም ስንቅ፥ ለመብራቱም ነዳጅ በጀልባ ማመላለስ ከፍ ያለ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ማዕበል ሲነሣ ጀልባው ይቀራል፤ መብራቱ ከጠፋም የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው።

ይህን ችግር ያቃለለው በ1869 ዓ.ም. ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደው ጉስታፍ ዳሌን ነው። በመጀመሪያ የአሴቲሊንን ጋዝ እየቆጠበ ብልጭ ድርግም የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ፤ በዚህም ከሚቃጠለው ጋዝ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ተረፈ። ቀጥሎ አሴቲሊን በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሆነ፥ በውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ልዩ ቅይጥ የተሞላ ማጠራቀሚያ አዘጋጀለት። በ1907 ዓ.ም. ደግሞ የፀሐይ ቫልቭ የተባለውን ድንቅ መሣሪያ አወጣ።

የዚህ ቫልቭ አሠራር ቀላል በመሆኑ ልብ ብላችሁ ብትመለከቱት ትረዱታላችሁ። በመስተዋት ውስጥ አራት የብረት ዘንጎች ቆመዋል። አንዱ ጥቁር ነው፤ ሦስቱ ግን እንዲያንጸባርቁ ተወልውለዋል። ጎሕ ሲቀድ ጥቁሩ ዘንግ ብርሃኑን ስለሚጠጣ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቅና ይረዝማል፤ በመርዘሙም የጋዙን መውጫ ይዘጋዋል። ሲመሽ ይቀዘቅዝና ያጥራል፤ ጋዙም ይለቀቅና ከማትጠፋው ትንሽ ነበልባል ላይ ተለኩሶ መብራቱ ይበራል። አየሩ ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ ቢሆን አራቱም ዘንጎች እኩል ስለሚረዝሙ ወይም እኩል ስለሚያጥሩ መሣሪያው አይሳሳትም፤ የሚለየው ብርሃንን ብቻ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ አዛዡ በውስጡ አለ።

ዳሌን ለዚህ ሥራው በ1912 ዓ.ም. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የጋዝ ማጠራቀሚያ ሲፈትን ፍንዳታ ደርሶበት ሁለቱ ዓይኖቹ ጠፉ። በሽልማቱም ሥነ ሥርዓት ላይ በእርሱ ፈንታ የተገኘው የዓይን ሐኪም የነበረው ወንድሙ አልቢን ነው። ዳሌን ዓይነ ስውር ሆኖም በ1937 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የኩባንያው ሥራ መሪ እንደ ሆነ ቆየ። በስቶክሆልም መግቢያ ላይ ባለው በብሎክሁሱደን የባሕር ፋና በ1912 ዓ.ም. የገባው የእርሱ መሣሪያ ወደ ኤሌክትሪክ እስከ ተለወጠበት እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ፥ ማለት 68 ዓመት አገልግሏል።

አሁን ከዚህ ጋር የዘመናችንን አንድ ታሪክ እናስተያይ። በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ሬቮልቭ የሚባል፥ የቤትን መብራትና ሌላውንም ዕቃ ከስልክ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ በ300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ጀመር። ኔስት የተባለው ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. ድርጅቱን ገዛው፤ በ2016 ዓ.ም. በሜይ ወር ደግሞ አገልግሎቱን ዘጋ። መሣሪያው የሚታዘዘው በሩቅ ባሉ የኩባንያው ኮምፒዩተሮች ስለነበር፥ በየሰው ቤት የተቀመጠው ዕቃ ሳይሰበርና ሳይቃጠል በአንድ ቀን የማይረባ ሆነ። አንዱ 68 ዓመት ሲያገለግል ሌላው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ የቆየው ሁለተኛው ዕውቀት ስላነሰው አይደለም፤ አዛዡ ከእርሱ ርቆ ስለነበር ነው።

እንግዲህ የደጅ መብራት ስትመርጡ በመጀመሪያ ሻጩን ልትጠይቁት የሚገባው፥ ኢንተርኔት ቢቋረጥ መብራቱ ሲመሽ በራሱ ይበራል ወይ? ስልኩ ቢጠፋስ ከግድግዳው ላይ ተጭኖ ማብራት ይቻላል ወይ? የሚለውን ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ ተዉት። ኮሽታ ሰምታችሁ ስልክ ፈልጋችሁ እስክታበሩ ድረስ፥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ይደርሳል።

ሁለተኛው የአዛዡ ዐይነት ነው። በስቶክሆልም የበጋው ቀን ከ18 ሰዓት ሲበልጥ የብርዱ ወራት ቀን ወደ 6 ሰዓት ስለሚያጥር፥ በአንድ ሰዓት ላይ የተሞላ ማብሪያ አያገለግልም። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አባቶቻችንም ሰዓትን ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ጋር መቍጠራቸው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር የሰዓት ማብሪያም ይበቃል። ነገር ግን የራሱ ባትሪ ከሌለው መብራት በጠፋ ቍጥር ሰዓቱ ይዛባል፤ በክረምትም ደመናው ቀኑን ቀድሞ ሲያጨልመው አያውቅም። ብርሃንን ለይቶ የሚሠራው ፎቶሴል፥ የዳሌን ዘንጎች ምትክ የሆነው፥ ከዚህ ችግር ነጻ ነው። እርሱንም ስታሰቅሉ የራሱ መብራት እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ፤ ካረፈበት ነጋ ብሎ እየጠፋ፥ መሸ ብሎ እየበራ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ሦስተኛው ፋን ደር ሄይደን የደከመበት የመብራቱ ቤት ነው። በዛሬ መብራቶች ላይ አይ ፒ የሚል ምልክትና ሁለት ቍጥሮች ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው አቧራን፥ ሁለተኛው ውሃን የመከላከል ኀይሉን ያመለክታል። አይ ፒ 44 የሆነው የውሃ ፍንጣቂን ስለሚችል በሰፊ በረንዳ ጣራ ሥር ይበቃል፤ ክረምቱን በግልጥ ለሚቀበል የአጥር ግንብ ግን አቧራ የማያስገባና የሚረጭ ውሃን የሚችለው አይ ፒ 65 ይሻላል።

አራተኛው ዕድሜው ነው። የዛሬው የኤል ኢ ዲ መብራት፥ በ2014 ዓ.ም. ሦስት የጃፓን ተወላጆች ለሰማያዊው ዐይነት የኖቤል ሽልማት ያገኙበት፥ ኤሌክትሪክ እጅግ ይቆጥባል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ብርሃን ሰጪው ሳይሆን ከጎኑ ኀይሉን የሚያስተካክለው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ እርሱንም ሙቀትና ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ይጐዱታል። ስለዚህ ያ ዕቃ ብቻውን ሊለወጥ የሚችልበትን መብራት ምረጡ። መብራቱም ወደ ታች ያብራ፤ ዓይን ውስጥ የሚገባ ኀይለኛ ብርሃን ከበስተኋላው ያለውን ጨለማ ያብሰዋል እንጂ ሌባ አያሳይም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በስልክ መታዘዙ ቢጨመርበት ጥቅም ነው እንጂ ጉዳት የለውም፤ ሆኖም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደተባለው መሠረቱ ይቅደም። መብራቱን ባሰቀላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማታ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ ስልካችሁንም አጥፉና ምሽቱን ጠብቁ። በራሱ ጊዜ ከበራ አስቀምጡት፤ ካልበራ ግን ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ገዛችሁበት መልሱት።