ጎርጎራ፦ ታሪኳም ኑሮዋም በጣና ላይ የቆመ ትንሽ የወደብ ከተማ

በጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው ሐይቁን «ባሕር» እያለ ይጠራዋል። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲያፈገፍግ የሚታረሰው መሬት «ባሕር ሽሽ» ይባላል፤ በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ያለችው የክልሉ ርዕሰ ከተማም ባሕር ዳር ተብላለች። በሰሜናዊው ጫፍ፣ ከጎንደር ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በደምቢያ ለም ሜዳ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ ደግሞ የዚሁ ባሕር ሌላኛዋ ወደብ ናት። ትንሽ ከተማ ብትሆንም አንድ ጊዜ የነገሥታት መቀመጫ፣ ሌላ ጊዜ የመርከብ ማረፊያ፣ ዘወትርም የገበሬና የዓሣ አስጋሪ መገናኛ ሆና ኖራለች። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የከተማዋ ዕድል ከሐይቁ ደኅንነት ተለይቶ አያውቅም።

ከጎንደር በፊት የነበረች መናገሻ

የአካባቢው ጥንታዊ ቅርስ በከተማዋ ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር የምትገኘው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን እንደተመሠረተች ይነገርላታል። ክብ ቅርጽ ያላት ስትሆን፣ የመቅደሱ ግድግዳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሣሉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው። ከከተማዋ በጀልባ የሚደረስባቸው የማንዳባ መድኃኔዓለምና የብርጊዳ ማርያም ገዳማትም የሐይቁ ዳርቻ ለዘመናት የጸሎትና የትምህርት ቦታ እንደነበረ ያሳያሉ።

ጎርጎራ በቤተ መንግሥት ታሪክ ጎልታ የምትታየው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1599 ዓ.ም ሥልጣን ከያዙ በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ከከተሙባቸው ቦታዎች አንዷ ጎርጎራ ነበረች። በ1595 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ለንጉሡ በዚህ አካባቢ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠርቷል። ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም የግዮንን ምንጭ አይቶ የጻፈ ሰው ሲሆን፣ በ1614 ዓ.ም ያረፈውም በጎርጎራ ነው። ከዛሬዋ ከተማ በስተ ምዕራብ ባለው ልሳነ ምድር ላይ የሚታየው የ«ማርያም ግምብ» ፍርስራሽ የዚያ ዘመን አሻራ ነው።

ንጉሡ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውና ሕዝቡም እንዲከተል ማዘዛቸው ግን ሀገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት አስገባት። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም የቀደመው የተዋሕዶ እምነት እንዲመለስ አውጀው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከሀገር አስወጥተው በ1628 ዓ.ም መናገሻቸውን በጎንደር ቆረቆሩ። ቤተ መንግሥቱ ከሐይቁ ዳር ሲርቅ ጎርጎራ ወደ ገዳም፣ ወደ እርሻና ወደ ማስገር ሕይወቷ ተመለሰች። በጣና ዳር የተጀመረው የድንጋይና የኖራ ግንባታ ግን በጎንደር ግንቦች ውስጥ ቀጥሏል።

የመርከብ መንገድ

ጎርጎራ ዘመናዊ የወደብ መልክ የያዘችው በኢጣልያ ወረራ ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ የሞተር ጀልባዎች በጣና ላይ መመላለስ ሲጀምሩ ነው። በከተማዋ አቅራቢያ በኮረብታ ላይ የቆመው የድንጋይ ሐውልት የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ከባሕር ዳር የምትነሣ መርከብ በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ እያራገፈችና እየጫነች፣ ቁንዝላ ላይ አድራ በማግሥቱ ጎርጎራ ትደርስ ነበር። የመኪና መንገድ ላልደረሰባቸው የዳርቻ ቀበሌዎች መርከቧ ገበያም፣ ሐኪም ቤትም፣ የዘመድ ጥየቃም ነበረች። እህል፣ ፍየል፣ ቡናና ጨው ከሰው ጋር አብረው ይጓዙባታል። የሐይቁ ውኃ በጣም ሲቀንስ ወይም ዳርቻው በደለል ሲሞላ ግን መርከብ መቅረብ ይሳነዋል፤ ወደቡም ይቀዘቅዛል።

ታንኳና መረብ

በሐይቁ ላይ ከመርከብም ከሞተር ጀልባም የሚቀድመው ታንኳ ነው። ከደንገል ተቆርጦ፣ ደርቆና ታስሮ የሚሠራ ሲሆን፣ በሥራው የታወቁት በጣና ዙሪያ የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከአገልግሎት በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ በእርሻ ሲያዝ ይህ ሙያም አብሮ ይጠብባል።

ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ በዋናነት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። በተለይ የነጭ ዓሣ ወገኖች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በየትም የማይገኙ ናቸው። እነዚህ ዓሦች ክረምት ሲሆን እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ መገጭና ድርማ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረብ በወንዝ አፍ ላይ ሲዘረጋ ወይም ውኃው በብርብራ ሲመረዝ የሚሞተው የዕለቱ ዓሣ ብቻ ሳይሆን የመጪው ዓመት ዘርም ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ከገቡ በኋላ የነጭ ዓሣ ክምችት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም ባሉት ዐሥር ዓመታት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል።

እምቦጭና ባሕር ሽሽ

የደምቢያ አርሶ አደር ጤፉን በክረምት ዝናብ ያበቅላል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ሌላ ሰብል ይዘራል። ይህን ኑሮ የተፈታተነው እምቦጭ አረም ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም አካባቢ፣ በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ በመገጭ ወንዝ መግቢያ ዙሪያ ነው። ሲንሳፈፍ የጀልባ መንገድ ይዘጋል፣ የዓሣ መራቢያን ያፍናል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል በአንድ ዘመቻ አይጠፋም።

የዳርቻው ነዋሪ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን እምቦጭን የሚመግበው ከላይ የሚወርደው ነው፤ ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር፣ ከማሳ የሸሸ ማዳበሪያና ከከተማ የሚለቀቅ ፍሳሽ በወንዞቹ በኩል ሐይቁ ይገባሉ። በደጋው የሚሠራ እርከን፣ በከተማ የሚሰበሰብ ፍሳሽ፣ በሐይቁ ዳር ሳይታረስ የሚቀር የደንገል ቀበቶ ለጎርጎራ ወደብ ከነቀላው ያላነሰ ዋጋ አላቸው።

አዲሱ ምዕራፍ

ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በ2012 ዓ.ም ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብርም ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ የእንግዳ ማረፊያ ተገንብቶባታል። ማረፊያው ለወጣቶች ሥራ፣ ለዓሣ አስጋሪውና ለአትክልት አምራቹ ገበያ የመሆን ዕድል አለው። ዕድሉ እንዲሠምር ግን መንገዱ ሰላም መሆን አለበት፤ እንግዳው ሊያየው የመጣው ውኃም ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት።

ቤተ መንግሥቱ ወደ ጎንደር ሲሄድ ጎርጎራ አልጠፋችም፤ ባሕሩ አብሯት ስለነበረ ዓሣዋን እያሰገረች፣ ሽምብራዋን እየዘራች ኖራለች። ባሕሩ ከዳርቻዋ ቢሸሽ ግን የሚተካው ነገር የላትም።